ስለ ባታኮች የእንጨት ቅርጽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንዶኔዥያ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ባሊ ነው። ዓረብ አገር የሠራ ሰው ደግሞ አብረውት የሠሩ ኢንዶኔዥያውያን ይታወሱታል። ባታክ የሚለውን ስም የሰማ ግን ጥቂት ነው። የባታኮችን ቅርጽ አንዴ ያየ ሰው ጥያቄው አያልቅም፤ ሰው በሰው ላይ የተደራረበበት ዘንግ አለ፣ የሚያለቅስ የእንጨት አሻንጉሊት አለ፣ ወደ ጡት የሚሳብ እንሽላሊት አለ። ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ባታኮች እነማን ናቸው? የትስ ይኖራሉ?

በሱማትራ ደሴት ሰሜን፣ በቶባ ሐይቅ ዙሪያ ባለው ደጋ ነው አገራቸው። ሐይቁ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ የፈነዳ እሳተ ገሞራ የተወው ጉድጓድ ነው። ርዝመቱ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ጥልቀቱ 500 ሜትር ያልፋል። መሐሉ ላይ ሳሞሲር የምትባል ትልቅ ደሴት አለች።

ባታክ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ውስጡ ስድስት ነው፦ ቶባ፣ ካሮ፣ ሲማሉንጉን፣ ፓክፓክ፣ አንግኮላ እና ማንዳይሊንግ። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ቆጠራ በድምሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ቡና የሚወድ ሰው የመጨረሻውን ስም ሳያውቀው ያውቀዋል። በዓለም ገበያ "ማንዴሊንግ" ተብሎ የሚሸጠው የሱማትራ ቡና ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው። አረቢካ ስለሆነ የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ቢቆጠር ከእኛ ጫካ ይደርሳል።

እዚህ የምጽፈው በብዛት ስለ ቶባዎች ነው። የሌሎቹን ሳነሳ በስማቸው እጠራለሁ።

የሚቀርጹት ሁሉ ለአምልኮ ነው?

አይደለም። ይህን መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። የባታክ ቀራጭ እጁ አያርፍም። የቤት ፊት፣ የጎተራ መዝጊያ፣ የጀልባ አፍንጫ ያስጌጣል። ሃሳፒ የሚባለው ባለ ሁለት ክር መሣሪያ እንኳን ጫፉ ላይ ቁጭ ያለ ሰውዬ ይቀረጽበታል። ይህ ሁሉ ትርጉም ቢኖረውም አይፈራም፤ ልጅ ይነካዋል፣ እንግዳ ይደገፈዋል።

የሚፈራው ሌላ ነው። ልዩነቱም ፊቱ ማስፈራራቱ ላይ አይደለም፤ ውስጡ የገባው ነገር ላይ ነው። አንድ ምስል ተጠርቦ ሲያልቅ ገና እንጨት ነው። ከዚያ ደረቱ ላይ ወይም ሆዱ ላይ፣ አንዳንዴም ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ባለ መድኃኒቱ የቀመመው ነገር ይሞላበታል። ቀዳዳው ይወተፋል። እንጨቱ ነፍስ የሚዘራው ያኔ ነው።

ስለዚህ ሙዚየም ውስጥ የባታክ ምስል ፊት ከቆማችሁ ዓይንና ጥርሱን ትታችሁ ቀዳዳውን ፈልጉ።

ባለ መድኃኒቱ ማን ነው?

ቶባዎች ዳቱ ይሉታል፣ ካሮዎች ጉሩ። ሐኪም ነው፣ ቀን ቆራጭ ነው፣ ኮከብ ቆጣሪ ነው፣ አስፈላጊ ሲሆን ደግሞ በጠላት ላይ የሚደግም ነው። ማንበብና መጻፍ የሱ ሙያ ነበር። እውቀቱን የሚቀበለው ከሌላ ዳቱ ሥር ለዓመታት ተቀምጦ ነው። ብዙ ጊዜ ዘንጉንም፣ የመድኃኒት ቀንዱንም በገዛ እጁ ይጠርባል።

ጽሑፍ የሚያውቅ፣ መድኃኒት የሚቀምም፣ መንደሩ ግማሹን የሚያከብረው ግማሹን የሚፈራው ሰው ሲባል ደብተራ ትዝ ቢላችሁ አልፈርድባችሁም። ግን ብዙ አትግፉት። ደብተራ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ዳቱ ከመንደሩ ራጃ (አለቃ) ጎን ቆሞ፣ ጦር መቼ እንደሚዘምት የሚወስን ሰው ነበር።

ያ ሰው በሰው ላይ የተደራረበበት ዘንግ ምንድን ነው?

ቱንጋል ፓናሉአን ይባላል። ከባታክ ዕቃዎች ሁሉ ስሙ የገነነው እሱ ነው። ቁመቱ ከሰው ቁመት ጋር ይቀራረባል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያንስም። የሚጠረበው ከአንድ ወጥ እንጨት ነው።

ቀረብ ብላችሁ ስታዩት እንዲህ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ወንድ አለ። ጉልበቱን አጠፍ አድርጓል፣ ዓይኑ ፈጧል። ራሱ ላይ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ክር እንደ ጥምጥም ተጠምጥሞበታል። ከጥምጥሙ ውስጥ ፀጉር ብቅ ይላል፤ የፈረስ ጭራ ሊሆን ይችላል፣ የሰውም ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ሴት አለች። ከሷ ሥር ሌላ ሰው፣ ከሱም ሥር ሌላ። አንዱ የሌላውን አናት ረግጦ ቁጢጥ ብሏል። በመሐላቸው እባብ ይተላለፋል፣ እንሽላሊት ይሳባል፣ ጎሽ ወይም ሌላ አውሬ አንገቱን ያወጣል። ባዶ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። የሚያዝበት የታችኛው ክፍል ብቻ ልሙጥ ነው። ያረጀው ዘንግ በጭስ፣ በቅባትና በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል።

ቀለል ያለ ወንድምም አለው፤ ቱንግኮት ማሌሃት ይባላል። እሱ ልሙጥ ዘንግ ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ አንድ ምስል ይቀመጥበታል። ብዙ ጊዜ በእንስሳ ላይ የተቀመጠ ጋላቢ ነው።

ዘንጉ ላይ ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው?

ታሪኩ በየመንደሩ ይለያያል። አጥንቱ ግን አንድ ነው።

ጉሩ ሃቲምቡላን የሚባል ሰው ነበረ። ሚስቱ አርግዛ ሳትወልድ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ መንታ ተገላገለች፣ ወንድና ሴት። ሽማግሌዎቹ አልወደዱትም። "ለያይታችሁ አሳድጓቸው" አሉ። ወላጆቹ ጨክነው መለየት አቃታቸው። ልጆቹ አደጉ፣ ተዋደዱ፣ እንደ ባልና ሚስት ሆኑ። በባታክ ሕግ አንድ ጎሳ እንኳን እርስ በርስ አይጋባም፤ እህትና ወንድም ሲሆንማ አስቡት።

አንድ ቀን ልጅቷ እሾሃም ዛፍ ላይ ፍሬ አየች። አማራት። ወጥታ ስትበላ ገላዋ ከግንዱ ጋር ተጣበቀ። ወንድሟ ሊያወርዳት ወጣ፣ እሱም ተጣበቀ። (ወንዱ ቀድሞ ወጣ የሚሉም አሉ።) አባት ዳቱ ጠራ። ዳቱው ደግሞ ወጣ፣ ዛፉ ዋጠው። ሌላ ዳቱ መጣ፣ እሱንም ዋጠው። እባብና አውሬም ሳይቀር ተጣበቀ። በስተመጨረሻ አንድ አስተዋይ ዳቱ፦ "እነዚህን ማዳን አይቻልም፤ ዛፉን ቆርጣችሁ መልካቸውን ቅረጹበት" አለ። እንዳለው ተደረገ።

ስለዚህ ከላይ ያለው ወንድም ነው፣ ከሥሩ እህት ናት፣ ከዚያ በታች ያሉት ሊያድኑ ወጥተው የቀሩት ባለ መድኃኒቶች ናቸው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይህ ነው። ዳቱው በእጁ ይዞት የሚዞረው የኃይሉ ምልክት፣ የሱ ዓይነት ሰዎች ያልቻሉበትን ቀን የሚተርክ ነው።

"ፑፑክ" ከሰው ይሠራ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ፑፑክ ቅድም ቀዳዳው ውስጥ ይሞላል ያልኩት ቅመም ነው። አብዛኛው ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከእንስሳ አካል ይዘጋጅ ነበር። በጣም ኃይለኛ ነው የሚባለው ግን ከሰው ነበር። የሚሲዮናውያንና የቅኝ ግዛት ዘመን ጽሑፎች የሚሉት ተመሳሳይ ነው። ከሌላ ወገን የተወሰደ ልጅ ለተወሰነ ጊዜ በደንብ ይቀለባል። ለሚታዘዘው ሁሉ እሺ እንዲል ይለመዳል። ከዚያ እሺ ባለበት አፍ ይገደላል። ቃሉን ሰጥቷልና መንፈሱ ከሞተ በኋላም ይታዘዛል ተብሎ ነው።

እነዚህን ጽሑፎች ሳነብ ሁለት ነገር አልረሳም። ጸሐፊዎቹ ሕዝቡን ከዚህ እምነት ለማውጣት የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አስፈሪውን ማጉላት ይጠቅማቸዋል። በሌላ በኩል ጉዳዩ በባታኮቹ በራሳቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥም ስላለ ዝም ብሎ ወሬ ነው ማለት አይቻልም። ሁሉም ዘንግ እንዲህ ነበር ማለት ግን ስህተት ነው።

ዘንጉን ምን ያደርጉበት ነበር?

ዝናብ ሲጠፋ ያወጡታል። ወረርሽኝ ሲገባ ያወጡታል። ጦርነት ሊጀመር ሲል ያወጡታል። ዳቱው መሬት ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ንድፍ ይስላል። ስምንቱ ማዕዘን ስምንቱ አቅጣጫ ነው። ከበሮና ጎንግ ይመታል። ዳቱው ዘንጉን ይዞ በንድፉ ዙሪያ ይጨፍራል፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እየጦፈ። መሬት ላይ እንቁላል ይቀመጣል። ጭፈራው ጫፍ ሲደርስ በዘንጉ ሥር እንቁላሉን ይወጋል። አስኳሉ የፈሰሰበት አቅጣጫ ይነበባል።

በሌላው ቀን ዘንጉ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ይቀለባልም፤ መሥዋዕት ይቀርብለታል።

የተቀረጹ ቀንዶችና ማሰሮዎችስ?

መድኃኒቱ ማስቀመጫ ይፈልጋል። ናጋ ሞርሳራንግ ከጎሽ ቀንድ የሚሠራ ዕቃ ነው። ቀንዱ ራሱ በመስመር ያጌጣል። የሚያምረው ግን ሰፊውን አፍ የሚዘጋው የእንጨት ውታፍ ነው። ሲንጋ የሚባል ፍጡር ጭንቅላት ይሆናል፣ አንዳንዴ ጀርባው ላይ ሰዎች ተከታትለው ይቀመጣሉ።

ሲንጋ ቃሉ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ አንበሳ ማለት ነው። አንበሳ ብላችሁ ግን አትፈልጉት። ረጅም ፊት፣ ያበጠ ዓይን፣ ወደ ኋላ የሚጠመዘዝ ቀንድ አለው። ከሰው፣ ከጎሽና ከእባብ የተውጣጣ ጠባቂ ነው። በቤት ማዕዘን ላይም፣ በድንጋይ መቃብር ፊትም ታገኙታላችሁ።

ጉሪ-ጉሪ ደግሞ የሸክላ ማሰሮ ነው። ማሰሮው ብዙ ጊዜ በንግድ የመጣ የቻይና ዕቃ ነው። ባታኩ የሚጨምርበት ውታፉን ነው፣ በጋላቢ መልክ ጠርቦ።

የእንጨት ሽፋን ያለው መጽሐፋቸውስ?

ፑስታሃ ይባላል። ወረቀቱ አሊም ከሚባል ዛፍ የውስጥ ልጥ ይሠራል። አሊም ዓረብ አገር የኖራችሁ በደንብ የምታውቁት የኡድ ሽታ የሚወጣበት ዛፍ ነው። ልጡ ረጅም ሆኖ እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል። በሁለቱም ጫፍ የእንጨት ሽፋን ይለጠፍበታል። ሽፋኑ ላይ ብዙ ጊዜ እንሽላሊት ይቀረጻል። ውስጡ በባታክ ፊደል የተጻፈ የመድኃኒት አሠራር፣ የቀን ቆጠራ፣ የድግምትና የመከላከያ ትምህርት ነው። ዳቱ ለደቀ መዝሙሩ የሚያስተላልፈው የሙያ መዝገብ በሉት። ለንደን ያለው አንዱ ወደዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1764 ነው።

ቤቶቹ ላይ ያለው ቅርጽ ምን ይባላል?

ጎርጋ። የቀራጩም ስም ከዚሁ ይመጣል፤ ፓንጎርጋ ይሉታል።

የቶባ ቤት ሩማ ይባላል። በወፋፍራም ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል። ጣራው እንደ ኮርቻ መሐሉ ዝቅ፣ ሁለቱ ጫፍ ሽቅብ ያለ ነው። ምስማር የሚባል ነገር የለውም፤ በሽብልቅ፣ በመሰካካትና በገመድ ነው የሚያያዘው። ድሮ ከዘንባባ ዓይነት ዛፍ በሚገኝ ጥቁር ጭረት ይከደን ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቆርቆሮ ሆኗል። የመሰላሉ ደረጃ ቁጥር ጎዶሎ ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ሳይል የሚገባ የለም፤ እንግዳው ወደደም ጠላም እጅ ይነሳል።

ቤቱ ሦስት ነው። ከወለሉ በታች ከብት፣ መሐል ሰው፣ ጣራው ሥር የአባቶች ንብረት። ዓለምም በባታክ አቆጣጠር ሦስት ናት፦ የላይ፣ የመካከልና የታች። ቤቱ ትንሿ ዓለም ነው ማለት ነው።

ጎርጋው የሚበዛው ፊት ለፊቱ ላይ ነው። እንደ ሐረግ የሚጥመለመል መስመር፣ እንደ ጥርስ የተደረደረ ጠርዝ፣ ፀሐይ፣ ስምንቱ አቅጣጫ፣ ፈረስ፣ ጭራቅ መሰል ፊት። ጫፉ ላይ ኡሉ ፓውንግ የሚባል ትልቅ ቀንዳም ራስ ይቀመጣል፤ ክፉ እንዳይገባ ነው። የእኛን ሐረግ በብራና ላይ ያየ ዓይን የጎርጋን መስመር ቶሎ ይለምደዋል። ከአንዱ ጥምዝ ሌላው ይወለዳል፣ መስመሩ የት እንደጀመረ ለማወቅ ስትሞክሩ ትጠፋላችሁ።

ማንም ደስ ያለውን ጎርጋ ድሮ አይቀርጽም ነበር። ብዙ ጎርጋ የሀብትና የክብር ምልክት ነው። ምስኪን ቤት ሰርቶ በራጃ ጎርጋ ቢሸፍነው መሳቂያ ይሆናል።

ሦስቱ ቀለሞች ከምን ይሠራሉ? ትርጉማቸውስ?

ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ቀዩ ከቀይ አፈር፣ ነጩ ከኖራ መሰል ነጭ አፈር፣ ጥቁሩ ከጥቀርሻና ከከሰል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ነጩ የላይኛው ዓለም፣ ቀዩ የሰዎች ዓለም፣ ጥቁሩ የታችኛው ዓለም ነው የሚል ነው። የዳቱው ዘንግ ራስ ላይ ያለውም ክር እነዚሁ ሦስቱ ቀለሞች እንደሆኑ ልብ በሉ። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛ ቀለም ስለተተካ አዲሱ ጎርጋ ዓይን ይወጋል። የድሮው አፈር ቀለም ሲደበዝዝ ያምራል።

እንጨቱ ብዙ ጊዜ ኢንጉል የሚባለው ነው። ለመሮ ይለሰልሳል፣ ቶሎም አይበሰብስም። መሣሪያው መሮና የእንጨት መዶሻ ነው፣ ሌላ የለም።

እንሽላሊቱና ጡቶቹ ምንድን ናቸው?

የፈረንጅ ቱሪስት መጀመሪያ ፎቶ የሚያነሳው ይህንን ነው። በቤቱ ወይም በጎተራው ፊት ላይ አራት ክብ ጡቶች ጎልተው ተቀርጸዋል። እንሽላሊት ደግሞ ወደነሱ ዞሮ ይሳባል።

እንሽላሊቱ ቦራስፓቲ ኒ ታኖ ነው፤ የምድር መንፈስ። ዘር የሚያበቅል፣ ቤት የሚጠብቅ። ጡቱ ወተትና ጥጋብ ነው። ጎተራ ላይ መቀረጹ እንግዲህ ግልጽ ነው። የዛሬ ባታኮች ሌላ ንባብ ጨምረውበታል። እንሽላሊት ግድግዳም ጣራም ሳይል የትም ይጣበቃል፤ ባታክም የትም አገር ሄዶ መኖር ያውቅበታል፤ ፊቱ ግን ወደ እናቱ ጡት ነው ይላሉ። ጃካርታ የሚኖር ባታክ ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። እኛ ስደተኛ ያለን ሰዎች ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ሲ ጋሌ-ጋሌ የሚያለቅሰው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን በዘዴ ነው።

ሲ ጋሌ-ጋሌ ቁመቱ ሰው የሚያህል የእንጨት አሻንጉሊት ነው። ረጅም የእንጨት ሳጥን ላይ ይቆማል። ትከሻው ላይ ኡሎስ የሚባለውን የሽመና ጨርቅ ያጣፋል፣ ራሱ ላይም ጨርቅ ያስራል። በሳጥኑና በገላው ውስጥ ገመዶች ተዘርግተዋል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሲጎትት ራሱ ይዞራል፣ እጁ ይነሳል፣ ወገቡ ይታጠፋል። ጭፈራው ቶርቶር ነው፤ የባታኮች የዝግታ ጭፈራ፣ መዳፍ ለመዳፍ ገጥሞ ቀስ ብሎ የሚዘረጋ። አንዳንዱ አሻንጉሊት ጭንቅላቱ ክፍት ነው። እርጥብ ስፖንጅ ወይም የዛፍ ሽበት ያስገቡበታል። ሲጨመቅ ከዓይኑ እንባ ይወርዳል።

ለምን? ልጅ ሳይወልድ የሚሞት ሰው ለባታክ ትልቅ ጭንቅ ነው። ቀብሩን የሚመራው፣ የሚያስጨፍረው፣ ስሙን የሚይዘው ልጁ ነውና። ልጅ ከሌለ ሙቱ ከሌሎች አባቶች ጎን ሥፍራ አያገኝም፣ እርግማኑም በመንደሩ ላይ ይቀራል ይባል ነበር። ስለዚህ ልጅ ተጠርቦ ይሠራለት ነበር። አሻንጉሊቱ እንደ ልጅ ሆኖ ለሟቹ ይጨፍራል፣ ያለቅሳል። ሥርዓቱ ሲያልቅ ከመንደር ውጭ ይጣላል። እርግማኑን ይዞ ይሂድ ነው ነገሩ።

መነሻው የሚነገረው በአንድ ራጃ ታሪክ ነው። አንድ ልጁ ማንጋሌ ጦር ሜዳ ቀረ። አባት በሐዘን ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። መልኩ ልጁን የሚመስል እንጨት ቀርጸው ሲያስጨፍሩለት ተነሳ። ስለ ቀራጩም የሚባል አለ። ሲ ጋሌ-ጋሌን ብቻውን የጨረሰ ሰው ነፍሱን ይሰጣል፤ ስለዚህ አንዱ ጭንቅላቱን፣ ሌላው እጁን ይሠራ ነበር ይላሉ።

ጭምብልም አላቸው?

አላቸው። በሲማሉንጉኖች ዘንድ የትልቅ ሰው ቀብር ላይ የሰው ጭምብል ያደረጉና ረጅም አፍ ያለው የወፍ ራስ የለበሱ ጨፋሪዎች ይወጣሉ። ካሮዎችም የራሳቸው ባለ ወፍ ጭምብል ጭፈራ አላቸው፤ ዝናብ ለመለመን ነው። የካሮ ባላባቶች የሬሳ ሣጥንም በጀልባ መልክ ተሠርቶ ፊቱ ላይ ያው ወፍ ይቀረጽበት ነበር።

እንግዲህ ጣዖት ናቸው ማለት ነው?

ቃሉን በምን ትርጉም እንደምትጠቀሙበት ይወሰናል። ባታኮች ሁሉን የፈጠረው ሙላጃዲ ና ቦሎን ነው ይሉ ነበር። እሱን ቀርጸው የሚሰግዱለት አልነበረም። የሚቀረጹት አባቶች፣ ጠባቂዎችና የታዘዙ መንፈሶች ናቸው። ደባታ ኢዱፕ የሚባሉት ወንድና ሴት ጥንድ ምስሎች ለምሳሌ ከዘርና ከልጅ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ልጅ ያጡ ሰዎች እንደ ሕፃን ይዘዋቸው ይጨፍሩ ነበር። ይህ ለእኔ ከስግደት ይልቅ ልመና ይመስለኛል። ሚሲዮናዊው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠራው።

ክርስትናና እስልምና ሲገቡ ቅርጾቹ ምን ሆኑ?

ደቡቦቹ፣ ማንዳይሊንጎችና ብዙ አንግኮላዎች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ሰለሙ። ምስል መቅረጽ ከዚያ አካባቢ ፈጥኖ ቀነሰ። ወደ ቶባዎች የገባው የጀርመን የራይን ሚሲዮን ነው። ስመ ጥሩው ሉድቪግ ኖመንሰን እ.ኤ.አ. በ1862 ሱማትራ ደርሶ እዚያው ኖሮ በ1918 ሞተ። ከዚህ ሥራ የወጣው የባታክ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በእስያ ካሉት ትልልቆች አንዱ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ነው፤ የእኛዋ መካነ ኢየሱስም እንደዚሁ። ስብሰባ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ።

የተጠመቀ ሰው ዘንጉንም ምስሉንም ያስረክባል። አንዳንዱ ተቃጠለ፣ አንዳንዱ በሣጥን ታሽጎ ወደ አውሮፓ ተላከ። ቅኝ ገዢውም ሥራውን ሠራ። የባታኮች ንጉሥና ካህን የነበረው ሲሲንጋማንጋራጃ 12ኛ ለዓመታት ከደች ጋር ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1907 ተገደለ። ከዚያ በኋላ ዳቱው የሚቆምለት ራጃ አልነበረም።

ዛሬ በዚህ የሚያምን አለ?

ፓርማሊም የሚባሉ የጥንቱን እምነት የያዙ ማኅበረሰቦች አሉ። ዋና ቦታቸው ላጉቦቲ አካባቢ ነው። በጸሎታቸው የሚጠሩት ሙላጃዲ ና ቦሎንን ነው። በድግምት ዘንግ የሚዞሩ ሰዎች አድርጋችሁ እንዳታስቧቸው፣ በዚህ ብዙ ተሰድበዋል።

ጎርጋ ግን አልሞተም። ሆቴል ላይ አለ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ አለ፣ ፓንጉሩራን ያለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ላይም አለ። ያው መሮ፣ ያው ሦስት ቀለም።

ልግዛ? አሮጌ ነው የተባልኩትን ልመን?

ለጌጥ ከሆነ በደስታ ግዙ። ሳሞሲር ላይ ቱክቱክና ቶሞክ በሚባሉት መንደሮች የሚሸጡ ጎበዝ ቀራጮች አሉ። "የአያቴ ነው፣ መቶ ዓመቱ ነው" ከተባላችሁ ግን ሳቅ በሉና እለፉ። አዲስ እንጨት በጭስ ይጠቁራል፣ በቅባት ይታሻል፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይወጣል። እውነተኛ አሮጌ ዘንግ የሚያብለጨልጨው እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ነው፤ እጅ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ አይደለም። ሁሉም ቦታ እኩል ከጠቆረ ጠርጥሩ።

ደግሞ ሕግ አለ። በኢንዶኔዥያ የ2010 የቅርስ ሕግ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ዕቃ ቅርስ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ሻጩ "አሮጌ ነው" ብሎ የማለላችሁን ዕቃ ኤርፖርት ላይ "አዲስ ነው" ብላችሁ እንዳትምሉ።

የት ሄጄ ልይ?

አውሮፓና አሜሪካ ላላችሁ ሙዚየሞቹ ቅርብ ናቸው፦ ላይደንና አምስተርዳም፣ ፓሪስ ኬ ብራንሊ፣ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን። ከዓረብ አገር ሜዳን ወደምትባለው የሰሜን ሱማትራ ዋና ከተማ መብረር ይቀላል። ከሜዳን በመኪና ሐይቁ ዳር ወዳለችው ፓራፓት፣ ከዚያ በጀልባ ሳሞሲር። ሜዳን ያለው የሰሜን ሱማትራ ሙዚየምና ባሊጌ ያለው የባታክ ሙዚየም ጥሩ ስብስብ አላቸው። አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የዩኔስኮ ጂኦፓርክ ነው።

ቶሞክ ስትደርሱ ሲ ጋሌ-ጋሌ ይጠብቃችኋል። አሁን የሚጨፍረው ለሙት አይደለም፣ ለጎብኚ ነው። ሙዚቃው ሲጀምር ኡሎስ ትከሻችሁ ላይ ጣል ያደርጉና ከጎኑ ያሰልፏችኋል። ጭፈራውን አትፍሩ፣ እጅ ብቻ ነው። ትንሽ ዝርዝር ገንዘብ ያዙ፤ ሲያልቅ ሰዉ ብር ያስቀምጣል።